በምትክ የኋላ አክስል ላይ የሳስፔንሽን ብራኬቶችን በጥንቃቄ መበየድ

ከሌላ ሞዴል መኪና የተወሰደ የኋላ አክስል ለመግጠም ሲታሰብ የጊርሱ ሬሾ፣ የፍሬኑ ዓይነትና የጎማ ቡሎኖቹ አቀማመጥ ቢስማሙ እንኳ የባሌስትራ (የተደራረበ የላሜራ ስፕሪንግ) መቀመጫዎቹና የሌሎቹ ብራኬቶች (በአክስሉ ላይ የተበየዱ መያዣዎች) ቦታ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ በአክስሉ ላይ ያሉት ብራኬቶች ተቆርጠው ይወገዱና ለመኪናው የሚስማሙ አዳዲሶች ይበየዳሉ። በዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ከሁሉ በላይ መጠበቅ አለባቸው፦ ብራኬቶቹ በትክክለኛው ቦታና ማዕዘን መቀመጣቸው፣ እንዲሁም የአክስሉ ቱቦ የብየዳውን ሙቀት አልፎ ቀጥ እንዳለ መቆየቱ። ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ የብየዳው መስመር የቱንም ያህል ቢያምር መኪናው ጎማ ይበላል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል፣ በፍጥነትም ይንቀጠቀጣል።

ብራኬቱ የሚሸከመውን ጉልበት በቁጥር ማየት ለጥንቃቄው ምክንያት ይሰጣል። 300 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ያለው ኢንጂን በ3.5 አንደኛ ማርሽና በ4.1 የዲፈረንሻል ሬሾ ሲባዛ ወደ ጎማዎቹ የሚደርሰው 4,305 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ጎማዎቹ መሬት ይዘው ካልተንሸራተቱ የአክስሉ ቤት በዚያው ልክ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ለመዞር ይታገላል። የላይኛውና የታችኛው አርም (አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያያይዝ ዘንግ) መያዣዎች በ20 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ከሆነ በላይኛው በኩል ወደ 2 ቶን የሚጠጋ መጎተት ይፈጠራል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። ይህ መመላለስ በመኪናው ዕድሜ ውስጥ ስፍር ቁጥር የለውም። በመሆኑም ወፍራም ብረት በአስተማማኝ ሁኔታ የመበየድ ልምድ የሌለው ሰው ልኬቱንና የነጥብ ብየዳውን (ብራኬቱን ለጊዜው የሚይዙትን አጫጭር ብየዳዎች) ራሱ ሠርቶ የመጨረሻውን ብየዳ ለባለሙያ በያጅ ቢሰጥ እመክራለሁ።

አክስሉን ማወቅና ማዘጋጀት

የኋላ አክስሎች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት መሐል ላይ ከቀለጠ ብረት የተጣለ የዲፈረንሻል ቤት ያለው ሲሆን የብረት ቱቦዎቹ ከግራና ከቀኝ ተገፍተው ገብተው በጉድጓድ ብየዳ (በቤቱ ላይ የተከፈተ ቀዳዳን በመሙላት በሚሠራ ብየዳ) ተይዘዋል። ሁለተኛው ዓይነት ከመሐል እስከ ጫፍ ከተጨመቀ ብረት ተገጣጥሞ የተበየደ ነው። ልዩነቱ ለብየዳ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም የቱቦው ብረት ዝቅተኛ ካርቦን ስላለው በተለመደው ኤሌክትሮድ ይበየዳል፣ መሐሉ ግን ካስት አይረን (ብዙ ካርቦን ያለው፣ ተቀልጦ የተጣለ ብረት) ከሆነ በተመሳሳይ መንገድ ሲበየድ ከመስመሩ ጎን እንደ መስታወት የሚሰበር ጠንካራ ሽፋን ይፈጥርና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። መሐሉ ካስት አይረን ይሁን ስቲል ለመለየት በማይጎዳ ጠርዝ ላይ ግራይንደር በትንሹ ማስነካት ይበቃል፦ ካስት አይረን አጭርና ደብዘዝ ያለ ቀይ ብልጭታ ሲሰጥ፣ ስቲል ግን ረጅም፣ ደማቅና ጫፉ ላይ የሚፈነዳ ብልጭታ ይረጫል።

በተቻለ መጠን ሁሉም ብራኬቶች በቱቦው ላይ እንዲያርፉ ማቀድ ይገባል። የላይኛው አርም ብራኬት የግድ ከዲፈረንሻሉ በላይ መዋል ካለበት፣ ከግራ ቱቦ እስከ ቀኝ ቱቦ የሚዘልቅ ድልድይ ሠርቶ ብራኬቱን በድልድዩ ላይ መበየድ ካስት አይረኑን ከመንካት እጅግ የተሻለ ነው። ካስት አይረንን በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ቀድሞ በማሞቅና እጅግ በዝግታ በማቀዝቀዝ መበየድ የሚቻል ቢሆንም፣ የመኪናን ክብደትና የፍሬንን ጉልበት ለሚሸከም ብራኬት እንዲህ ያለውን ብየዳ አላምንበትም።

ከማንኛውም ሙቀት በፊት የዲፈረንሻሉ ዘይት ይፈስሳል፤ የጎማ ሻፍቶቹ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ የዘይት ሲሎቹ፣ ዲፈረንሻሉ ራሱ፣ የፍሬን መስመሮቹና የኤቢኤስ ሴንሰሮቹ ይወጣሉ። የዲፈረንሻል ኩሽኔታ መያዣ ካፖች ከቤታቸው ጋር አብረው በማሽን ተቦርቡረው የተሠሩ ስለሆኑ ግራና ቀኛቸው፣ ላይና ታቻቸው ሳይቀላቀል ምልክት ይደረግባቸው። ይህን ሁሉ ማውጣት ትርፍ ድካም መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የብየዳ ከረንት በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ በኳሶቹና በመንገዳቸው ላይ ጥቃቅን ቃጠሎ ያስቀራል፣ ሙቀቱም ሲሉን ያደርቀዋል። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የቀረ ዘይት ደግሞ ተንኖ ግፊት ሊፈጥርና ሊቀጣጠል ስለሚችል የአየር መተንፈሻው ወጥቶ፣ የኋላ ክዳኑም ተከፍቶ መቆየት አለበት።

ቱቦው የሚታጠበው ዘይት በሚያነሣ ፈሳሽና በውሃ ሲሆን ከዚያ በሚገባ መድረቅ አለበት። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ፈጽሞ አይነካው፤ የዚህ ፈሳሽ ቅሪት በብየዳ ሙቀትና ጨረር ፎስጂን ወደ ተባለ ገዳይ ጋዝ ሊለወጥ ይችላል። ዚንክ የተቀባ ብራኬትም ቢሆን ጭሱ ትኩሳትና ሳል ስለሚያመጣ ሽፋኑ ከሚበየደው ቦታ ተፍቆ ይነሣ። ብየዳው ከሚያርፍበት ግራና ቀኝ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቀለምና ዝገት መወገድ አለበት።

አሮጌዎቹን ብራኬቶች ሲቆርጡ ዲስኩን እስከ ቱቦው አያድርሱ። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተረፍ አስቀርተው ይቁረጡና ቀሪውን በዝግታ እየፈጩ ከቱቦው ጋር ያስተካክሉ። በቱቦው ዙሪያ የሚቀር ቀጭን የዲስክ ጭረት ለዓይን ምንም ባይመስልም ስንጥቅ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው።

ልኬት፦ ሥራው የሚሳካበት ወይም የሚበላሽበት ቦታ

አሮጌው አክስል ከመኪናው ሳይወርድ የሚወሰደው ልኬት በኋላ በምንም አይተካም። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ፣ በጎማው ቆሞ፣ የተለመደውን ክብደት ተሸክሞ እያለ የሻሲው ከፍታ፣ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ማዕዘን፣ የካርዳን ሻፍቱ (ከካምቢዮው ወደ አክስሉ የሚሄደው ዘንግ) ማዕዘንና የፒኞኑ (ከዚያ ዘንግ ጋር የሚያያዘው የዲፈረንሻል ጥርስ) ማዕዘን በዲጂታል ማዕዘን መለኪያ ተለክተው ይጻፉ። የኋላ ጎማዎቹ ከፊት ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ያላቸው ርቀትም ይመዝገብ። አሮጌዎቹ ብራኬቶች በነበሩበት ቦታ የሚደገሙ ከሆነ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቻቸው ውስጥ ቡሎን አስገብቶ በጠንካራ አራት ማዕዘን ቱቦ ላይ የሚያያዝ ማስተካከያ ፍሬም መሥራት ቦታቸውን ወደ አዲሱ አክስል በታማኝነት ለማዛወር ያስችላል።

የአክስሉ መሐል የሚገኘው ከዲፈረንሻሉ ተነሥቶ አይደለም፤ ብዙ አክስሎች ዲፈረንሻላቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ልኬቱ መነሣት ያለበት ጎማው ከሚያርፍባቸው የፍላንጅ ፊቶች ነው። ለምሳሌ በሁለቱ ፍላንጆች መካከል 1,500 ሚሊ ሜትር ካለ መሐሉ 750 ላይ ይውላል፤ ባሌስትራዎቹ ከመሐል እስከ መሐላቸው 1,060 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ እያንዳንዱ መቀመጫ ከአክስሉ መሐል 530፣ ከፍላንጁ ፊት ደግሞ 220 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል ማለት ነው። የባሌስትራዎቹ ርቀት በወረቀት ላይ ካለ መረጃ ሳይሆን በራሱ በሻሲው ላይ፣ ከፊተኛውም ከኋለኛውም መያዣ ይለካ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሻሲው ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ከብየዳ በፊት መጣራት አለበት።

የፒኞን ማዕዘን ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ክሮቸራ (ሻፍቱ በማዕዘን እንዲሽከረከር የሚያስችል የመስቀል መገጣጠሚያ) ባለው ካርዳን ሻፍት የካምቢዮው መውጫና ፒኞኑ እርስ በርሳቸው ትይዩ መሆን አለባቸው። አንድ ክሮቸራ በማዕዘን ሲሽከረከር ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው ክሮቸራ በእኩል ማዕዘን ሲሠራ ይህን ያጠፋዋል፣ ማዕዘኖቹ ካልተመጣጠኑ ግን መንቀጥቀጡ ወደ መኪናው ያልፋል። ስለዚህ የካምቢዮው መውጫ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ካዘቀዘቀ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ፊት 3 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። ይሁንና በባሌስትራ ላይ የሚቀመጥ አክስል ነዳጅ ሲሰጥ አፍንጫውን ወደ ላይ ስለሚያነሣ፣ ባሌስትራውም አብሮት ስለሚጠመዘዝ፣ በቆመበት ጊዜ ከትይዩው ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በምሳሌያችን ፒኞኑ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ቀና ብሎ ይያዛል። በካምቢዮው በኩል ድርብ ክሮቸራ ያለው ሻፍት ከሆነ ደንቡ ይለወጣል፦ ፒኞኑ በቀጥታ ወደ ሻፍቱ ያያል፣ ለተመሳሳይ ምክንያትም በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ክሮቸራ ፈጽሞ ቀጥ ብሎ እንዲሠራም አይፈለግም፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ኩሽኔታዎች እየተንከባለሉ ቅባት እንዲያገኙ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ያህል ማዕዘን ያስፈልገዋል፣ ለመንገድ መኪና ደግሞ ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ይህ ማዕዘን የሚወሰነው መኪናው ሙሉ ክብደቱን በሞላው ወይም በባሌስትራው ላይ አሳርፎ ሳለ ብቻ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ የተለካ ማዕዘን መኪናው ሲወርድ ብዙ ዲግሪ ሊለወጥ ይችላል። ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፦ ፒኞኑ ከቀድሞው በጣም ቀና ካለ የዘይቱ ደረጃ ከፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ ሊርቅ ስለሚችል የዘይት መሙያው ቀዳዳ በአዲሱ ማዕዘን ትክክለኛውን መጠን ማሳየቱን ያረጋግጡ።

ብራኬቶቹና የነጥብ ብየዳው

ለአርም መያዣ ብራኬት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የኮንስትራክሽን ብረት ተስማሚ ነው። የቡሎን ቀዳዳው በእሳት ሳይሆን በመሰርሰሪያ ይከፈት፤ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ቡሎኑን ያላጋዋል፣ መላጋቱም ቀዳዳውን ይበልጥ ያሰፋዋል። የብራኬቱ አፍ የቱቦውን ክብ ተከትሎ ተቀርጾ ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሰፊ ክፍተት በብየዳ ሲሞላ መኮማተሩም በዚያው መጠን ይጨምራል። ሁለት ጆሮ ያለው ብራኬት ሲበየድ ጆሮዎቹ ወደ ውስጥ እንዳይሰበሰቡ በመካከላቸው የጎሚኒው (በቡሎኑ ዙሪያ የሚገባው የላስቲክ ቡሽ) ስፋት ያለው የብረት ቡሽ ገብቶ በቡሎን ይጠበቅ። ጎሚኒው ራሱ ግን ሙቀት ስለሚያበላሸው አይግባ።

ሁለቱ የባሌስትራ መቀመጫዎች በአንድ ጠለል ላይ መሆናቸው፣ አንድ ቀጥ ያለ ጠንካራ ብረት በሁለቱም ላይ አጋድሞ በውሃ ልክና በማዕዘን መለኪያ ይረጋገጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ብራኬት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላቸው ሦስት ወይም አራት ነጥቦች ይያዛል። አክስሉ በዚህ ሁኔታ ጎማና ሾክ አብሶርበር ተገጥሞለት መኪናው ሥር ይገባና መኪናው ቀስ ብሎ ይወርዳል። መኪናው በዚህ ጊዜ በጠንካራ መደገፊያ መጠበቅ አለበት፣ በነጥብ ብየዳ ብቻ በተያዘ አክስል ላይ ያለ መደገፊያ ቆሞ ሳለ ደግሞ ማንም ሰው ሥሩ አይግባ፣ አንድ ሜትርም አይነዳ።

አሁን ያለው ሥራ መመልከት ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት በግራና በቀኝ፣ እንዲሁም በሻሲው ላይ ከተመረጡ ነጥቦች በሰያፍ ይለካል፤ ልዩነቱ በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። አክስሉ አንዴ ሁለቱንም ጎን፣ አንዴ አንዱን ጎን ብቻ እስከ መጨረሻው ከፍና ዝቅ እየተደረገ ከነዳጅ ታንኩ፣ ከጭስ ማውጫውና ከፍሬን ቱቦዎቹ ጋር የሚነካካበት ቦታ ይፈለጋል። ሾክ አብሶርበሩ ከግጭት መከላከያው ጎሚኒ ቀድሞ መጨረሻው ላይ መድረስ የለበትም። መስተካከል ያለበት ነገር ካለ ነጥቦቹን ፈጭቶ ብራኬቱን ማንቀሳቀስ ቀላል የሚሆነው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ነጥብ ብየዳ የግድ መኪናው ሥር መጨመር ካለበት ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጅ ታንኩና መስመሩ ከአካባቢው ይውጣ፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይሁን፣ የማሳ መቆንጠጫው (የብየዳ ማሽኑ የመመለሻ ገመድ መያዣ) ደግሞ ብየዳው ካለበት ቱቦ ላይ ይያዝ።

ሙሉው ብየዳና የሙቀቱ ቁጥጥር

ቦታው ከጸደቀ በኋላ አክስሉ እንደገና ወርዶ፣ ሻፍቱና ኩሽኔታው ወጥቶ፣ በጠረጴዛ ላይ ይበየዳል። በጠረጴዛ ላይ ማሽከርከር ስለሚቻል እያንዳንዱ መስመር ከላይ ወደ ታች እየታየ በአግድም ይሠራል፤ ይህ ብቻውን የብየዳውን ጥራት ከፍ ያደርጋል።

ቱቦው የሚጣመምበት ምክንያት ግልጽ ነው። የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም ቱቦውን ወደ ራሱ ይስባል። ብራኬቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በቱቦው አንድ ወገን ስለሚደረደሩ ስበቱ ተደምሮ የአክስሉን ጫፎች ወደዚያው ወገን ያጥፋቸዋል። ስለዚህ ከብየዳው በፊት የአክስሉ ቀጥታነት ተለክቶ መጻፍ አለበት፣ ካልሆነ በኋላ የሚታየው መጣመም ቀድሞም ነበረ ወይስ አሁን መጣ የሚለው አይታወቅም። ምርጡ መለኪያ በዲፈረንሻል ኩሽኔታ መቀመጫዎችና በቱቦው ጫፎች ውስጥ በሚገቡ ክብ ማዕከሎች በኩል የሚያልፍ ቀጥ ያለ ወፍራም ዘንግ ነው። ይህ ካልተገኘ በሁለቱ የቱቦ ጫፍ ፍላንጆች ላይ 1 ሜትር ርዝመት ያላቸው ቀጥ ያሉ ብረቶች በመሐላቸው ይታሰሩና የትይዩ ጫፎቻቸው ርቀት አንድ ጊዜ ከላይና ከታች፣ ብረቶቹን አዙሮ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ይለካል። ይህ ልኬት በብየዳው መሐልና በመጨረሻም ይደገማል።

ለዱላ ብየዳ ኢ 7018 ኤሌክትሮድን እመርጣለሁ። ሃይድሮጅኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ከብየዳው በኋላ ዘግይቶ የሚመጣውን ስንጥቅ ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅሙ የሚጸናው ግን ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። የተከፈተ ፓኬት ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ሳጥን ይቀመጣል፣ እርጥበት የወሰደም ከ370 እስከ 430 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደገና ይጋገራል። የ3.2 ሚሊ ሜትሩ ኤሌክትሮድ ከ100 እስከ 140 አምፔር ባለው ክልል፣ በዲሲ ፖዘቲቭ (ኤሌክትሮዱ ከፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ተያይዞ) ይሠራል። በሚግ ማሽን (ሽቦ እየገፋ በጋዝ ከለላ በሚበይድ ማሽን) ለሚሠራ ደግሞ ኢአር 70ኤስ-6 ሽቦና የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅልቅል ይስማማል፤ ሆኖም አቅሙ ትንሽ የሆነ ሚግ ማሽን በወፍራም ቱቦ ላይ ላይ ላዩን ያማረ፣ ከሥሩ ግን ያልተዋሐደ መስመር ስለሚሠራ አደገኛ ነው። በአክስሉ ላይ ከመጀመር በፊት ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች በአንድ ወገን ብቻ ተበይደው በመዶሻ እስኪሰበሩ ይታጠፉ። መስመሩ ከአንዱ ብረት ተላቅቆ ሥሩ የሚያብለጨልጭና ያልተነካ ብረት ከታየ ከረንቱ መጨመር አለበት ማለት ነው።

ብየዳው ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር በሆኑ አጫጭር ክፍሎች ይከናወናል። ከቀኙ መቀመጫ ፊት አንድ ክፍል ከተሠራ ቀጣዩ በግራው መቀመጫ ጀርባ፣ ከዚያ በቀኙ ጀርባ፣ ከዚያ በግራው ፊት ይሆናል፤ እንዲህ እየተዘዋወረ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ሳይከማች ይቀጥላል። ከብራኬቱ አጠገብ ያለው ቱቦ በኢንፍራሬድ መለኪያ ሲታይ 70 ዲግሪ ያህል እስኪወርድ ወደዚያ ቦታ መመለስ ጥሩ አይደለም። ለማፍጠን ተብሎ ውሃ ማፍሰስ ወይም እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ብረቱን ስለሚያጠነክረውና ስለሚያሰነጥቀው አይፈቀድም።

መስመሩ በቱቦው ላይ የሚያርፍበት አቅጣጫም ሊታሰብበት ይገባል። ጎማዎቹ የአክስሉን ጫፎች ወደ ላይ ሲገፉ ባሌስትራዎቹ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ወደ ታች ይጫናሉ፤ በዚህም የተነሣ የቱቦው ሆድ ዘወትር ይለጠጣል። በዚህ የሚለጠጥ መስመር ላይ ቱቦውን አቋርጦ የሚያልፍ ብየዳ ለድካም ስንጥቅ የተመቸ ነው። ስለዚህ የመቀመጫዎቹ ዋና መስመሮች በቱቦው ርዝመት ይሂዱ። ከሥር የሚንጠለጠሉ የአርም ብራኬቶች ደግሞ ቱቦውን ከፊትና ከኋላ አቅፈው የታችኛውን ጠርዝ ሳይበየድ ይተዉት፣ ወይም ጆሮዎቹ ረጅም ጠርዙ በቱቦው ርዝመት በሚሄድ ኮርቻ መሰል ላሜራ ላይ ይቀመጡ። የመስመሩ ቁመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚህ የገዘፈ ብየዳ ሙቀት ይጨምራል እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። መስመሩ በብራኬቱ ማዕዘን ላይ አይጀምር፣ አያብቃም፤ ማዕዘኑን ዞሮ ቀጥ ባለው ጠርዝ ላይ ይጨረስ፣ በማብቂያው የሚቀረው ጉድጓድም ይሞላ።

ከብየዳው በኋላ

አክስሉ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ልኬቱ ይደገማል። በ1 ሜትሩ ብረት ጫፎች መካከል ከቀድሞው ከ1 ሚሊ ሜትር የበለጠ ለውጥ ከታየ በቱቦው ተቃራኒ ወገን ትንንሽ ቦታዎችን በእሳት እያሞቁ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ግን በመለኪያ ዘንግና በልምድ የሚሠራ ነው፣ በግምት ቢሞከር ጥፋቱን ያብሳል። መለኪያውና ልምዱ ያለው ወርክሾፕ ቢያስተካክለው ይሻላል።

ስላጉ (በብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት) ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱ መስመር በጠንካራ ብርሃን ይታያል፦ ከጠርዙ የተቦረቦረ፣ የአየር ቀዳዳ ያለበት ወይም ያልተዋሐደ ክፍል ካለ ተፈጭቶ እንደገና ይበየዳል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ቀይ ቀለሙን ቀብቶ፣ ጠርጎና ነጩን ዱቄት ነፍቶ የሚደረገው የፔኔትራንት ፍተሻ ያጋልጠዋል። በስንጥቅ ላይ ደርቦ መበየድ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እስከ ሥሩ ተፈጭቶ መውጣት አለበት። ቀለም የሚቀባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የቱቦው ውስጥ ከብየዳ ብናኝና ከተላጠ ዝገት በሚገባ ይጽዳ፤ አንዲት ቅንጣት ብረት አዲስ ኩሽኔታን ታበላሻለች። የዘይት ሲሎቹ አዲስ ይሁኑ፣ የአየር መተንፈሻው ይመለስ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ስታፋዎችም አንዴ ተጠብቀው የተለጠጡ ስለሆኑ አዲስ ይተኩ። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች የሚጠበቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቁ ጎሚኒው ዘወትር ተጠምዝዞ ይቆይና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። በብዙ አገሮች አክስል የተቀየረለት መኪና የቴክኒክ ምርመራ ስለሚያስፈልገው የተጻፉት ልኬቶችና የብየዳው ፎቶዎች ይቀመጡ።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የስታፋዎቹና የአርም ቡሎኖቹ ጥብቀት እንደገና ይረጋገጥ፣ የብየዳ መስመሮቹም ታጥበው ይታዩ። በቀለሙ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ከብየዳው ጠርዝ ተነሥቶ ከታየ ሥሩ ስንጥቅ አለ ማለት ስለሆነ መኪናው ሳይነዳ አክስሉ ይውረድ፣ ቦታውም ተፈጭቶ በፔኔትራንት ይመርመር።